በሞዴል ባቡራችሁ ላይ ግድብ ለምትሠሩ

የኮምቦልቻን የባቡር መስመር በሞዴል ለምትሠሩ፦ ግድቡን ውሃ የሚያስመስለው ከላይ የሚፈሰው ኢፖክሲ (ከሁለት ጠርሙስ ተደባልቆ የሚጠነክር ብርሃን አሳላፊ ሙጫ) ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቀለም ነው። መጀመሪያ የግድቡን ወለል የሠራችሁበትን የጄሶ ስንጥቅ ሁሉ በኮላ ድፈኑ፤ ኢፖክሲ በመርፌ ቀዳዳም ይሾልካል። ከዚያ መሃሉን ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን ወደ አፈር ቀለም እያሳሳችሁ ቀቡ። ሰማያዊውን ተዉት፤ የቦርከና ወንዝ በክረምት ምን እንደሚመስል ታውቁት የለ!

ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ ጣውላውን በውሃ ልክ አስተካክሉና በስሱ፣ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ አፍስሱ። እሱ ሳይጠነክር ሌላ አትደርቡ። ደሴ ያላችሁ ደግሞ፣ ብርዱ ኢፖክሲውን ስለሚያወፍረው ከመደባለቃችሁ በፊት ጠርሙሶቹን እንደተከደኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩአቸው፤ አረፋው በጣም ይቀንሳል። ጓንት አትርሱ፣ መስኮትም ክፈቱ።