ማን ለማን በየትኛው አንደበት? የኢንዶኔዥያን ሥነ ጽሑፍ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢንዶኔዥያ ልብ ወለድ ወደ እጃችን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ትርጉሙ ታሪኩን ያደርሰናል፤ ገጸ ባሕርያቱ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው የአክብሮት ደረጃ እንደተነጋገሩ ግን እምብዛም አያሳየንም። በዚያ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚጫረው ከአነጋገሩ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች፣ እኔ ራሴ የሠራኋቸው ጭምር፣ አብዛኞቹ የመጡት ይህን ካለማስተዋል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የአገሪቱን ቋንቋ “ባሃሳ” ብሎ መጥራትና የጃቫዎች ቋንቋ ነው ብሎ ማሰብ ነው። “ባሃሳ” ማለት “ቋንቋ” ማለት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ብሎ መጥራት አማርኛን “ልሳን” ብሎ ከመጥራት አይለይም። ባሃሳ ኢንዶኔዥያ የተመሠረተው በማላይ ላይ ነው፤ ማላይ ደግሞ የደሴቶቹ ነጋዴዎች ለዘመናት በየወደቡ ሲግባቡበት የኖሩት ቋንቋ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 1928 በዛሬዋ ጃካርታ የተሰበሰቡ ወጣቶች በአንድ አገር፣ በአንድ ሕዝብና በአንድ የአንድነት ቋንቋ ስም ቃል ሲገቡ ይህንኑ መረጡ። ጃቫዎች ከሁሉም በቁጥር የሚበልጡ ሆነው ሳለ ቋንቋቸው መታለፉ ለአንባቢ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ነገር ግን ጃቫኛን የሚናገር ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት እርሱ ከአድማጩ በላይ ይሁን በታች መወሰን አለበት፤ ማላይ ግን ይህን ያህል አያስገድድም።

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህን የአነጋገር ደረጃ እንደ ተራ ጨዋነት መቁጠር ነው። አማርኛ ተናጋሪ “አንተ”ንና “እርስዎ”ን ስለሚለይ ነገሩ የገባው ይመስለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የሚለወጡት ተውላጠ ስሙና የግሡ ቅጥያ ናቸው። በጃቫኛ የሚለወጠው ቃሉ ራሱ ነው። ለእኩያ ወይም ለታናሽ በሚነገረው “ንጎኮ” በተባለው ደረጃ መብላት “ማንጋን” ነው፤ “ክራማ” በተባለው የትሕትና ደረጃ “ነዳ” ይሆናል፤ ስለ ተከበረ ሰው ሲወራ ደግሞ “ዳሃር” ይባላል። እኛ “ሞተ” በማለት ፈንታ “ዐረፉ” እንደምንለው ያለ ለውጥ በቤት፣ በመተኛት፣ በመሄድና በሌሎችም የዕለት ተዕለት ቃላት ላይ ሁሉ ቢመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው።

ደራሲው ፕራሙድያ አናንታ ቱር በቡሩ ደሴት እስረኛ ሳለ አስቀድሞ በቃሉ ለእስረኛ ጓደኞቹ የተረከው፣ በ1980 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የታገደው “ቡሚ ማኑሲያ” የተባለው ልብ ወለድ የሚያጠነጥነው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። በሆላንዶች ትምህርት ቤት የተማረው ወጣቱ ሚንኬ፣ በሆላንዶች ቅኝ አገዛዝ ሥር ቡፓቲ፣ ማለትም የአውራጃ ገዥ፣ ሆኖ በተሾመው አባቱ ፊት በወለል ላይ እየዳኸ እጁን አጋጥሞ እንዲሰግድ ሲገደድ፣ የሚያቃጥለው የጉልበቱ ሕመም አይደለም። በሆላንዳዊ ጌታ ዘንድ ያለ ጋብቻ የኖረችው ኛይ ኦንቶሶሮህ ደግሞ ችሎት ፊት ቀርባ በሆላንድኛ እንዳትናገር ተከለከለች፤ በጃቫኛ እንድትናገርም ታዘዘች። እርሷ እንቢ ብላ በማላይ መለሰች። ይህን ገጽ የሚያነብ ሰው ማላይን በመምረጧ ከሁለቱም ጌቶች ቋንቋ መውጣቷን ካላስተዋለ፣ ችሎቱ ተራ የምስክር ቃል ሆኖ ያልፈዋል። የመጠሪያ ስሟም ሳይቀር “ባይተንዞርኽ” የሚለው የእርሻው የሆላንድኛ ስም በጃቫዎች አፍ ሲዞር የወጣ ነው። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው “አንቺ” እና “እርስዎ” የት ላይ እንደሚለዋወጡ ገጽ በገጽ ቢያስብበት፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም የጣለውን ጥቂት መልሶ ማንሣት የሚችል ይመስለኛል።

ስለ ስሞች አጠር አድርጌ ልለፍ። የላቲን ፊደላቸውን እንደ እንግሊዝኛ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው፤ “አቼህ” እና “ቺረቦን” ሲሆኑ “አኬህ” እና “ሲረቦን” ተብለው ይጻፋሉ። ከአጻጻፍ ማሻሻያዎቹ በፊት የነበሩ ስሞች ደግሞ በሆላንዶች ሥርዓት የተጻፉ ስለሆኑ፣ የፕራሙድያ ስም “ቶየር” ሳይሆን “ቱር” ነው። ይህም ከአባቱ ስም ከ“ማስቱር” የቀረ ነው፤ “ማስ” የሚለውን የማዕረግ ሽታ ያለውን መነሻ ደራሲው ራሱ ቆርጦ ጣለው።

ሌላው ስህተት ቀደምት ልብ ወለዶችን “የግዳጅ ጋብቻ ታሪክ” ብሎ መደምደም ነው። የማራህ ሩስሊ “ሲቲ ኑርባያ” በ1922 የታተመው በቅኝ ገዥው መንግሥት ማተሚያ ቤት በባላይ ፑስታካ ነው። ጨካኙ ባለጸጋ ዳቱክ መሪንጊህ በመጨረሻ በሆላንዶች ግብር ላይ ያመፁትን ሰዎች ይመራል፤ የምናዝንለት የኑርባያ አፍቃሪ ሳምሱልባህሪ ግን የሆላንድ መኮንን ሆኖ ሊወጋው ይመጣል። ክፉና ደጉን ለይተናል ስንል ታሪኩ ከእጃችን ያመልጣል። በምዕራብ ሱማትራ በሚኖረው በሚናንግካባው ሕዝብ ባህል ርስት በእናት መስመር እንደሚወረስና ልጅን የማሳደግ ኃላፊነት የእናት ወንድም መሆኑን የማያውቅ አንባቢም፣ ሳምሱልባህሪን ያስተማረው አባት በገዛ እህቱ ለምን እንደሚወቀስ አይገባውም። እህቲቱ የምትቆጨው የእርሷ ልጅ፣ ማለትም የወንድሟ እውነተኛ ኃላፊነት፣ በመዘንጋቱ ነው።

የመጨረሻው በምልክት አተረጓጎም ላይ የሚታይ ስህተት ነው። የ“ዋያንግ ኩሊት” የቆዳ አሻንጉሊት የጥላ ቴአትር ሌሊቱን ሙሉ ሲታይ፣ ተራኪው ዳላንግ ከህንድ በመጣው ማሃባራታ እርስ በርስ የሚዋጉትን የአንድ ዘር ልጆች፣ ፓንዳዋዎቹን በቀኙ፣ ኩራዋዎቹን በግራው ያሰልፋቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ ቀኝ ጽድቅ፣ ግራ ኃጢአት ነው የሚል አስጎብኚ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን የሱራካርታው መስፍን መንግኩነጋራ 4ኛ፣ ለወታደሮች አርአያ ይሆኑ ዘንድ በግጥም ካወደሳቸው ሦስት ጀግኖች መካከል ካርና የተዋጋው ለኩራዋዎች ሲሆን፣ ኩምባካርና ደግሞ በሌላው የህንድ ታሪክ በራማያና የክፉው ንጉሥ የራህዋና ወንድም ነው። ኩምባካርና የወንድሙን በደል ተቃውሞ ሲያበቃ፣ ጦር አገሩን ሲወጋ ግን ለአገሩ ሲል ወጥቶ ሞተ።

ታሪኮቹ ከህንድ ስለመጡ የተቀሩት ሁሉ ቅጂ ናቸው ማለትም አያዛልቅም። ቦርጫሙ አገልጋይ ሰማርና ልጆቹ ከህንዱ ማሃባራታ ውስጥ የሉም፤ የጃቫ ናቸው። ሰማር ያስቃል፤ ጌቶቹን ይከተላል፤ በክራማ ያነጋግራቸዋል። ግን በሰው አምሳል የወረደ አምላክ፣ የአማልክቱም ንጉሥ የባታራ ጉሩ ታላቅ ወንድም ነው። የአማልክቱ ግፍ ሲበዛበት ወደ ሰማይ ወጥቶ ባታራ ጉሩን ሲገሥጽ የሚናገረው በንጎኮ፣ በ“አንተ” ነው።