ኦርኪድና ውሃ የሚያቆር ማሰሮ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቀን ፋላኖፕሲስ ኦርኪዴን ከማሰሮው ሳወጣው ሥሩ እጄ ላይ ቀረ። ላዩ እንደ እርጥብ ወረቀት ተገፎ ወጣ። ውስጡ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ነበር። ቅጠሉ እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት አረንጓዴና ጠንካራ ነበር! ማሰሮው «ራሱን በራሱ ያጠጣል» ተብሎ የተሸጠ ነው። ውሃውም ሞልቶ ነበር። ተክሉ ግን ውሃ መሀል ቁጭ ብሎ ተጠማ፤ ሥር ከበሰበሰ ውሃ የሚጠጣለት የለምና።

ብዙ ሰው በቤት ውስጥ ከሚያሳድጋቸው ኦርኪዶች አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው አፈር አያውቁም። ዛፍ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ዝናብ ሲመጣ ሥራቸው ይጠጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ይደርቃል። ሥሩን ቬላመን የሚባል እንደ ስፖንጅ ያለ ሽፋን ይለብሰዋል። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ነው፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ሥር ውሃ ይወዳል፤ ነገር ግን ካልተነፈሰ ይታፈናል፣ ከታፈነ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማሰሮ ሲመርጡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አየር በየት ይገባል?» የሚለው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው።

ለመግባባት ያህል፣ ሁለት ዓይነት ማሰሮ አለ። አንደኛው ሁለት ማሰሮ በአንድ ላይ ነው። ተክሉ ውስጠኛው ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው ውጨኛው ውስጥ ይጠራቀማል፣ በመካከል ያለው ክር ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለተኛው ሰሚ-ሃይድሮፖኒክ የሚባለው ነው። አፈርም፣ ኦርኪድ በብዛት የሚተከልበት የዛፍ ቅርፊትም የለውም። ሌካ በሚባል፣ በከፍተኛ ሙቀት ተጋግሮ ባበጠ የሸክላ ጠጠር ይሞላል። ቀዳዳው ከሥር ሳይሆን ከጎን ስለሆነ ትንሽ ውሃ ታች ይቀራል፤ ጠጠሩ ከዚያ እየሳበ ሥሩን ያረጥባል።

ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት

ገበያ ላይ ያሉት ራሳቸውን የሚያጠጡ ማሰሮዎች በብዛት የተሠሩት አፈር ለሚወዱ ተክሎች ነው። እነዚህ ላይ አንድ የማሰሮው ክፍል ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል፤ አፈሩ በእሱ በኩል ውሃ ይጠጣል። ለአፈር ጥሩ ነው። ኦርኪድ ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሥሩን ሲሰድ ቀኑን ሙሉ አየር የሌለበት ውሃ ውስጥ ይዋኛል። የእኔም የሞተው በዚሁ ነው።

ሱቅ ውስጥ ማሰሮውን ይገልብጡት፣ ይፍቱት፣ ውስጡን ይዩ። የውስጠኛው ማሰሮ ወለል ውሃው ከሚደርስበት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ውሃው ሲሞላም እንኳ በመካከላቸው ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። የውስጠኛው ማሰሮ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካለው እሰየው፤ አየር በዚያ ይገባል። ሌላው፣ የውሃውን መጠን ከውጭ ማየት መቻል አለብዎ። ውሃውን ለመድፋት ተክሉን መንቀል የሚጠይቅ ማሰሮ ከሆነ ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ ያ ውሃ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ከሥሩ የሰፋ ማሰሮ

«ወደፊት ሲያድግ እንዳልቀይርለት» ብሎ ትልቅ መግዛት በጣም የተለመደ ነው። ሥር ያልደረሰበት ጠጠር ወይም ቅርፊት ውሃ የሚጠጣለት ስለሌለ ረጥቦ ይከርማል። መሀሉ ላይ ያለው ሥር መጀመሪያ ይሄዳል። ማሰሮው የሥሩን ስብስብ የሚይዝና በዙሪያው አንድ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቢሆን ይበቃል። ቅጠሉን አይተው አይምረጡ፤ ሥሩን አይተው ይምረጡ።

ጥልቀቱም አንድ ነገር ነው። ሌካ ውሃን ወደ ላይ የሚስበው እስከ ተወሰነ ከፍታ ብቻ ነው። ረጅምና ጠባብ ማሰሮ ላይ ታቹ ይረጥባል፣ ላዩ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የፋላኖፕሲስ አዲስ ሥር ደግሞ የሚወጣው ከላይ፣ ከቅጠሎቹ ግርጌ ነው። ደረቅ ጠጠር ሲነካ ይቆማል። ቁመቱና ስፋቱ የተቀራረበ ማሰሮ ይሻላል።

ቀዳዳው የት ነው?

ሰሚ-ሃይድሮፖኒክ ላይ ዋናው ነገር ይህ ነው። ቀዳዳው ከወለሉ 2 እስከ 3 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ጎን ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ ውሃው ቶሎ ያልቃል። ከፍ ካለ ደግሞ የማሰሮው ግማሽ ኩሬ ይሆናል። ጭራሽ ቀዳዳ የሌለው የመስታወት ዕቃ በሌካ ሞልተው ኦርኪድ የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ለፎቶ ያምራል። ግን ውሃው የት እንደደረሰ ካልተከታተሉ መሳሳት ቀላል ነው፤ የተጠራቀመ ጨው የሚወጣበት መንገድም የለውም። ለጀማሪ አልመክርም።

ልዩ ማሰሮ መግዛት ግዴታ አይደለም። አንድ ወፈር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ወስደው በጋለ ምስማር ከጎኑ ሁለት ቀዳዳ ቢያወጡለት ይሠራል። ሁለቱን ቀዳዳ በአንድ ጎን ያጎራብቷቸው። ያኔ ውሃ ሲያጠጡ ያንን ጎን ወደ ማጠቢያው ያዞሩታል፣ ሌላ ቦታ አይፈስም። ቀዳዳው ጠጠሩ እንዳያመልጥ ከጠጠሩ ይነስ።

ከአሮጌው ቅርፊት ጋር ማዛወር

ተክሉን ከነቅርፊቱ አንስቶ ውሃ የሚያቆር ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ የዋህነት ነው። ቅርፊት እየረጠበ እየደረቀ ሲሄድ ይቆያል፤ ሁልጊዜ ከረጠበ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ሲፈርስ ደቃቅ ይሆናል፣ ደቃቁ የአየሩን ቦታ ይዘጋል። ሞስ የሚባለው፣ ለመትከያ የሚሸጠው እንደ ስፖንጅ ያለ ደረቅ ተክል ደግሞ ይባስ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው፤ ከክር ጋር ሲጣመር እንደ ተነከረ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ተክሉ ሲገዛ ሥሩ መሀል ትንሽ የሞስ ኳስ ወይም የተጠቀጠቀ መረብ ሊኖር ይችላል። ይፈልጉት፣ ቀስ ብለው ያውጡት። እሱ ውስጥ ከቀረ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌካውንም እንዲሁ ከከረጢቱ አውጥተው አይጠቀሙ። አቧራ አለው። ውሃው እስኪጠራ ይጠቡት፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት። ደረቅ ሌካ ውሃውን ከሥሩ ቀድሞ ራሱ ይጠጣዋል።

ክሩ

ባለ ክር ማሰሮ ከመረጡ የጥጥ ክር ይተዉ፤ ውሃ ውስጥ ሲኖር ይበሰብሳል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ይቆያል። ክሩ ሲወፍር ውሃውም ይበዛል። በአንድ ቀጭን ክር ይጀምሩ፤ ከደረቀ መጨመር ይቻላል።

ውስጡ የማይታይ ማሰሮ

እንደ እኔ ከሆነ ውስጠኛው ማሰሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። የሥሩን ቀለም ያያሉ፣ የውሃውን ልክ ያያሉ፣ ችግር ሲመጣ ቀድመው ያውቃሉ። አልጌ ጎኑ ላይ ያበቅላል፤ እውነት ነው። ተክሉን ባይጎዳውም ለዓይን አያምርም። ቆንጆ ዕቃ ውስጥ ቢያስገቡት ብርሃኑ ስለሚቀንስ አልጌውም ይቀንሳል። ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሃውን በግድግዳው ያተናል፣ ጨው በጎኑ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ጊዜውን ሳይጠብቁ ማዛወር

ሰው ማሰሮውን በትክክል መርጦም በዚህ ይሸነፋል። በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ያደገ ሥር ለዚያ አየር የተሠራ ነው። እድሜ ልኩን እርጥብ ቦታ ይኑር ቢሉት አይችልም፤ ብዙው ይሞታል። እርጥበቱን የሚችለው እዚያው እርጥበት ውስጥ የሚወለደው አዲስ ሥር ነው። ስለዚህ አሮጌው እየሄደ አዲሱ መምጣት አለበት። አዲስ ሥር በሌለበት ሰዓት ካዛወሩት ተክሉ በመሀል ቤት ያለ ሥር ይቀራል።

ሁለተኛውን ፋላኖፕሲስ ስገዛ ይህን አውቄ ነበር። አበባው ሲረግፍ ወዲያው አላዛወርኩትም። በየቀኑ ግርጌውን አየው ነበር። አንድ ጠዋት በታችኛው ቅጠል ስር ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ነገር አየሁ። ጫፉ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከክብሪት ራስ የማይበልጥ። ከጎኑ ሌላ ነበር። ጥፍር ያህል ሲሆኑ አዛወርኩት። አሮጌውን ሥር በውሃ አጠብኩ፣ የለሰለሰውን በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩ፣ ጠንካራውን ተውኩ። ጠጠሩን በመካከሉ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ልብ ያንጠለጥላሉ። ሁለት ቅጠል ላላ፣ አንድ አሮጌ ሥር ቢጫ ሆነ። አልነካሁትም። ጠጠሩ ላዩ እንዳይደርቅ ብቻ ከላይ አጠጣው ነበር። አዲሶቹ ሥሮች ወርደው ውሃውን ሲነኩ በማሰሮው ጎን አየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠሉ ተመልሶ ጠነከረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

አበባ ላይ ያለን ተክል አያዛውሩ። የታመመውንም፣ «ምናልባት ይድናል» ብለው ወደዚህ አያምጡት፤ መጀመሪያ ይጠንክር።

ሁሉም ኦርኪድ አንድ ነው ማለት

ፍራግሚፔዲየም እርጥበት ይወዳል፤ እግሩ ስር ውሃ ሲኖር ደስ ይለዋል። ፓፊዮፔዲለምም ሙሉ በሙሉ መድረቅ አይወድም። ፋላኖፕሲስ ከተላመደ ጎበዝ ነው። ካትሊያ አንዴ ከጠጣ በኋላ እንደገና እስኪጠጣ መድረቅ የለመደ ስለሆነ ይከብደዋል፤ የሚሆንለት አዲስ ሥር ሲያወጣ በጥንቃቄ ከተዛወረ ነው። ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ለማበብ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ የእረፍት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ማሰሮ ያንን ይነሳዋል። ቫንዳ ጭራሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የሚወድ ነው። ለእሱ ማሰሮ አይፈልጉለት፤ ቅርጫት ይበቃዋል።

ቅዝቃዜውን መርሳት

ከሌካ ላይ ውሃ ሲተን ማሰሮው ይቀዘቅዛል። በእጅዎ ሲነኩት ከክፍሉ አየር ቀዝቀዝ ይላል። ሌሊት ብርድ የሚገባበት መስኮት ላይ ካለ፣ ሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አደረ ማለት ነው። ለፋላኖፕሲስ ሌሊቱ በተደጋጋሚ ከ16 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቦታ ለዚህ ማሰሮ አይሆንም። ቦታውን ይቀይሩ፤ ካልተቻለ በቅርፊት ይቆይ።

ሞልቶ መርሳት

እነዚህ ማሰሮዎች የማጠጫውን ቀን ያራዝሙልዎታል እንጂ ሥራውን አያስቀሩልዎትም። ሌካ ራሱ ምግብ የለውም። ተክሉ የሚበላው እርስዎ የሚሰጡትን ማዳበሪያ ብቻ ነው። ማዳበሪያው ውሃ ላይ የሚሟሟ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ በተለይ የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ከውሃው አይገኙም። ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ይጠቀሙ። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመስጠት ቀጭኑን ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል።

ተክሉ ውሃውን ሲጠጣና ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ጠጠሩ ላይ ነጭ ሽፋን ካዩ እሱ ነው። ቀጥሎ የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል። ስለዚህ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ አይሂዱ። ባለ ሌካ ማሰሮ ከሆነ ማጠቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከላይ እስከ አፉ ሞልተው በጎን ቀዳዳው ይፍሰስ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ባለ ክሩ ላይ የታችኛውን ውሃ ደፍተው ዕቃውን ይጠቡና ከላይ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ሲደፉት ውሃውን ያሽትቱ። ምንም ካልሸተተ ደህና ነው። የኩሬ ሽታ ካለው ታች የበሰበሰ ሥር አለና በዚያው ቀን ያውጡት።