የፊት ፍሬን ዲስክና ፓድ በቤት መቀየር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አሽከርካሪዎች

ከሐረር ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መኪና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት አሽከርካሪው ፍሬን በረገጠ ቁጥር የመኪናው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየር የሚበትነውም በዋነኛነት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው የዲስኩ ብረት ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ፍሬን መቀየር ያለቀ ፓድ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል) አውጥቶ አዲስ መክተት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የዲስኩ ውፍረትና የካሊፐሩ (ፓዶቹን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒኖች ንጽሕና ከፓዱ እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ የፊት ፍሬናቸው ዲስክ የሆነ አነስተኛ መኪኖችን የሚመለከት ነው። የኋላው በብዙዎቹ ላይ ታምቡር በመሆኑ ሥራው የተለየ ነው።

የፓዱ የሚፋቅ ክፍል 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር ይኖርበታል። ዲስኩን በሚመለከት ግን በዓይን መገመት አይበቃም። አምራቹ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህንን በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያ) ለክቶ ማወዳደር ያስፈልጋል። በሚለኩበት ጊዜ ፓዱ የማይነካው የዲስኩ ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር፣ የካሊብሮው አፍ በጠርዙ ላይ ካረፈ ዲስኩ ከእውነተኛው ይልቅ ወፍራም መስሎ ይታያል። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መለካት ይገባል።

የተቦጫጨረ ወይም መሪ የሚያንቀጠቅጥ ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ከአዲስ ዲስክ ዋጋ አንጻርም የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ከተላጠ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከተቀረጸው ቁጥር በላይ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ እንዲያውም እዚያው ቁጥር አፋፍ ላይ የሚደርስ ከሆነ ባይላጥ ይሻላል እላለሁ። የሳሳ ዲስክ በከተማው ሜዳ ላይ ምንም ችግር ሳያሳይ ይቆያል፤ በደንገጎ ግን ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፣ ሙቀቱንም ወደ ፓዱና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሻግራል።

ዲስክም ሆነ ፓድ የሚቀየረው በግራና በቀኝ በአንድ ጊዜ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል። ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይያዙ፤ ከተቻለም አሮጌውን ፓድ ይዘው ሄደው ቅርጹንና ጆሮዎቹን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ። የድሬዳዋ ሱቆች በቀትር የሚዘጉ በመሆናቸው መኪናው ተፈታትቶ ሳለ የጎደለ ዕቃ ቢገኝ ግማሽ ቀን ሊባክን ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መጀመር ከፀሐዩም ከመዘግየቱም ያድናል።

መኪናው በደረቅና በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ አሸዋማ ግቢ ከሆነ በክሪኩ ሥር ሰፊና ጠንካራ ሳንቃ ያድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ያስገቡ፣ የጎማውን ብሎኖች መኪናው ሳይነሣ ጥቂት ያላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሥተው በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ላይ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ መሥራት አይፈቀድም። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ አንዱ ሳይፈታ ቢቆይ የትኛው ዕቃ እንዴት እንደገባ ለማየት ይረዳል።

ጎማው ከወጣ በኋላ የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች ይፍቱ፤ በብዙ አነስተኛ የቶዮታ መኪኖች 14 ቁጥር ቡሶላ ይበቃል። የተፈታውን ካሊፐር በሽቦ ከሞላው ጋር አስረው ያንጠልጥሉት እንጂ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል ይጠንቀቁ፤ ቱቦው ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊቀደድ ይችላል። ቀጥሎ ፓዶቹን ያውጡና የካሊፐሩን መያዣ የሚይዙትን ትልልቅ ብሎኖች ይፍቱ። በፍሬኑ ላይ የተከማቸውን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር ማስነፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፣ በአሮጌ ፓዶች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና፤ በፍሬን ማጠቢያ ፈሳሽ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ዲስኩ በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ መዶሻ ከማንሣትዎ በፊት ፊቱን ይመልከቱ። ብዙዎቹ ዲስኮች ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በቶዮታ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለቱም አስገብተው በየተራ ጥቂት ጥቂት ሲያጠብቁ ዲስኩ ራሱ እየተገፋ ይወጣል።

አሁን የሥራው ሁሉ ዋና ክፍል ላይ ደርሰናል፤ አብዛኛው ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበትን የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ ተጠርጎ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ያጽዱ። በዲስኩና በሞዞው መካከል የቀረች የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ከፀጉር ባነሰ መጠን ታዘነብለዋለች፤ አምራቾች የሚፈቅዱት መዛነፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የተዛነፈው ዲስክ በመጀመሪያው ሳምንት አያስታውቅም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዙር ያው ቦታ ፓዱን እየነካ ስለሚበላ፣ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ውፍረቱ ወጥ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ፔዳሉና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ባለቤቱም ሻጩን መጥፎ ዲስክ ሸጠልኝ ብሎ ይወቅሳል።

አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የተቀባውን ዘይት በፍሬን ማጠቢያ አጥበው ይግጠሙት፤ ከታጠበ በኋላ ፓድ የሚነካውን ገጽ በግራሶ እጅ አይንኩ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች አውጥተው አሮጌውን ግራሶ ይጥረጉና ለፍሬን የተዘጋጀ የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡ። ተራ ግራሶ የላስቲኩን ሽፋን ያሳብጠዋል፤ የተያዘ ፒን ደግሞ አንዱን ፓድ ጨርሶ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ከፈቷቸው አሮጌ ፓዶች አንዱ ከሌላው እጅግ ከሳሳ ምክንያቱን እዚህ ወይም ፓዱን በሚገፋው ፒስተን ላይ ይፈልጉ።

ፒስተኑን ለመመለስ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ይክፈቱ፣ አሮጌውን ፓድ በፒስተኑ ላይ ያስደግፉና በሞርሰቶ (በማጥበቂያ መጨበጫ) ቀስ ብለው ይግፉት። ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ እንዳይፈስ ይከታተሉ፤ ቀለም ያበላሻልና የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ይጠቡ። ዘይቱ ከ2 ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ይህንኑ አጋጣሚ ተጠቅሞ ማስቀየር ተገቢ ነው። ዶት 3 የተባለው ደረጃ አዲስ የፍሬን ዘይት የሚፈላበት ዝቅተኛ ልክ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ይሰምጣል።

አዲሶቹን ፓዶች ከነክሊፖቻቸው ያስገቡ፤ ፓዱ ሲያልቅ የሚጮኸው ቀጭን ብረት በአሮጌው ላይ በነበረበት ወገን ይሁን። ብሎኖቹን በመኪናው መመሪያ ልክ ያጥብቁ፤ የጎማ ብሎን በብዙ አነስተኛ የቶዮታ መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ በመስቀል ቅርጽ እየተሻገሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ወገን ካለቀ በኋላ፣ ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይርገጡ። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው እርግጫ መኪናውን አያቆመውም፤ የግቢው በር ወይም የጎረቤት ባጃጅ ያቆመዋል። ፔዳሉ ከዚህ በኋላም ለስላሳ ከሆነ አየር ገብቷልና መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ባለሙያ ይጥሩ።

አዲስ ፓድና ዲስክ እርስ በርስ እስኪለማመዱ ሙሉ ኃይላቸውን አይሰጡም። ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 15 ገደማ፣ ፈጽሞ ሳይቆሙ፣ አሥር ጊዜ ያህል በመጠኑ ፍሬን እየያዙ ፍጥነት ይቀንሱ፤ በመካከሉም እንዲበርድ ጥቂት ይንዱ። በመጨረሻው ላይ ፔዳሉን ረግጠው አይቁሙ፤ የጋለው ፓድ በዲስኩ ላይ እንዲታተም ያደርጋልና። የጎማ ብሎኖቹን በማግስቱ እንደገና ይፈትሹ። ለጥቂት ቀናት በከተማ ውስጥ ሳይነዱ ወደ ደንገጎ አይውጡ፤ ሲወርዱም ዝቅተኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ እንዲይዝልዎ ያድርጉ እንጂ እግርዎን በፍሬኑ ላይ አሳርፈው አይውረዱ።