ቪትዝ ሲወርድ፦ ሞላና ሾክ ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ትንሽ መኪና ትንሽ ዝቅ ስትል ታምራለች። ይህን አልክድም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ጠበብ ሲል ቪትዝም ትኮራለች። ችግሩ ብዙዎቻችን ወደ ጋራዥ የምንሄደው ዓይናችንን ብቻ ይዘን ነው። ሜትር ይዞ የሚሄድ ጥቂት ነው። የእኔ ልምድ ቪትዝ ላይ ስለሆነ ምሳሌዬም እሷው ናት። ግን ከፊት ማክፈርሰን (ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የተገጠሙበት)፣ ከኋላ ቶርሽን ቢም (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዝ ብረት) ያላት ትንሽ መኪና ሁሉ ጠባይዋ ይቀራረባል።

የከፋውን ላስቀድም፦ ሞላ ማስቆረጥ። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጋራዥ ውስጥ የፊቱን ሞላ በግሪንደር አንድ አንድ ዙር አስቆረጥኩ። ርካሽ ነበር፣ ግማሽ ቀንም አልፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት መሪ ባዞርኩ ቁጥር ከፊት በኩል “ቋ” የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋን በክሪክ ስናነሳት ሞላው ከመቀመጫው ተንሸራቶ አገኘነው። የተቆረጠው ጫፍ የሾኩ ሳህን ላይ በትክክል አይቀመጥማ! ሌላም ነገር አለ። የሞላ ዙር ሲያንስ ሞላው ይደርቃል። ከ6 የሚሠሩ ዙሮች አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። ሞላውን የሚገታው ሾክ ግን ያው የድሮው ነው። በእሳት አሙቆ ማስተኛት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ብረቱ በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጣና ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ወይም አንድ ቀን ይሰበራል።

እሺ፣ አልቆረጣችሁም እንበል። “አድጀስተብል ሾክ እፈልጋለሁ” ብላችሁ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ። የሚስተካከለው ምኑ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። አንዱ ዓይነት ሾክ ቁመቱ ይስተካከላል፤ ሞላው የሚቀመጥበት ሳህን በጥርስ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል። ሌላው ቁመቱ አይነካም፤ የሚስተካከለው ሞላውን የሚገታበት ኃይል ነው። ኮኒ ስፖርት የሚባለው ቢጫ ሾክ ከዚህኛው ወገን ነው፤ ያውም የሚያስተካክለው ሞላው ታምቆ ሲመለስ ያለውን ግታት ብቻ ነው። ቢልስታይን ከሚባለው አምራች ሾኮች ደግሞ ቢ14 ቁመት ብቻ ያስተካክላል፣ ቢ16 ሁለቱንም። አንድ ጓደኛዬ የግታት ማስተካከያውን እየጠመዘዘ መኪናው እስኪወርድ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ሚሊሜትር አይወርድም። ቁመት የሞላ ጉዳይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማስተካከያው የት እንዳለም ጠይቁ። አንዳንዱ ሞዴል ሾኩ ከመኪናው ካልተፈታ አይነካም። በየሳምንቱ ላስተካክል ለሚል ሰው ያ ማስተካከያ የጌጥ ነው።

አዲስ አጭር ሞላ ገዝቶ በአሮጌ ሾክ ላይ መግጠምም የተለመደ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ግማሹን ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል። ማውረጃ ሞላ ከፋብሪካው ሞላ ይደርቃል። የደረቀ ሞላ ሲመለስ በኃይል ስለሚመለስ የሚገታው ሾክም በዚያው መጠን መጠንከር አለበት። 150 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ሾክ የራሱን ሞላ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ውጤቱ መኪናዋ እንደ ኳስ መንጠሯ ነው። ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። የፋብሪካው ሾክ የተሠራው ለፋብሪካው ቁመት ነው። ቢልስታይን ቢ6 እና ቢ8 የሚባሉትን ለይቶ የሚያመርተው ለዚህ ነው፦ ቢ6 መደበኛ ቁመት ላላት መኪና፣ ቢ8 ደግሞ አጠር ብሎ ለወረደች። ከኋላ ሞላውና ሾኩ ለየብቻ በሆኑባት ቪትዝ ላይ ሾኩ ረጅም፣ ሞላው አጭር ከሆነ፣ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ሞላው ልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። “ስንት ሴንቲ ላውርዳት?” ይሉኛል። እኔ ደግሞ “ስንት ሴንቲ መንቀሳቀሻ ይቀራታል?” እላለሁ። ማክፈርሰን ላይ መኪናዋን 30 ሚሊሜትር ብታወርዷት፣ ያው ሾክ ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት በግምት ያን ያህል ይቀንሳል። ከፊት ወደ ላይ 70 ሚሊሜትር ነበራት እንበል። 40 ቀረ። አራት ሰው ስትጭኑ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ከዚያ በኮንዶሚኒየም ኮብልስቶን ላይ ትሄዳላችሁ፣ ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ ይመጣል፣ ቀለም ያልተቀባ ብሬከር በጨለማ ይቀበላችኋል። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለችው የላስቲክ ስቶፐር ትመታለች። ያን ጊዜ መኪናዋን የያዛት ያቺ ላስቲክ እንጂ ሞላው አይደለም። “ሞላው በጣም ደረቀ” ብለው የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች የሚሰማቸው እሷ ናት። ለአዲስ አበባ መንገድ የእኔ ጣሪያ 25 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ የምትሉ ሁለተኛ መኪና ይኑራችሁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ፤ የሞላው ሰነድ ካልተሟላ ቲዩቪ (የመኪና ምርመራው) ላይ ያስቸግራችኋል።

“በወረደች ቁጥር ኩርባ ላይ ትይዛለች” የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ ስትወርድ እውነት ነው። በጣም ስትወርድ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጫፉ በጎማው በኩል ወደ ላይ ያቀናል። መኪናዋ ኩርባ ላይ የምትጋደልበት የጂኦሜትሪ ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይበልጥ ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ክብደቷ እንደ ረጅም ዱላ ይገፋታል። ስለዚህ ሞላው ደርቆ እንኳ መጋደሏ ላይቀንስ ይችላል።

ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ማጥበቅስ? አታድርጉት። ሾኩ ከልክ በላይ ሲጠነክር ሞላው ሳይመለስ ቀጣዩ ጉድጓድ ይደርሳል፤ መኪናዋ በተከታታይ ጉድጓድ ላይ እየተጨበጠች ትወርዳለች። ከለስላሳው ጀምሩና ንጠራው እስኪቆም ብቻ ጨምሩ። ግራና ቀኝ እኩል።

ሶማሌ ተራ ለምትሄዱ፦ “የቪትዝ ሞላ” ብቻ አትበሉ። በ1999፣ በ2005 እና በ2010 የወጡት ትውልዶች ለየብቻ ናቸው። የሻሲ ኮዱን ይዛችሁ ሂዱ። ያገለገለ ሾክ ዘንጉ ላይ ዘይት ካለበት ተዉት፣ ሻጩ “ጠርገው፣ ችግር የለውም” ቢላችሁም።

ሁሉም በትክክል ተገዝቶ ገጠማው የሚያበላሸው አለ። መካኒኩ መኪናዋ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች የብራቾውን ቦኮላ ብሎን አጥብቆ ይዘጋል። ቦኮላው ላስቲክ ነው። መኪናዋ መሬት ስትነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል። ብሎኑ በልቅ ይያዝ፤ መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ይጥበቅ። ሾኩ ከላይ የሚያርፍበትን ላስቲክና ኩሽኔታም አብራችሁ ቀይሩ፤ በኋላ ለብቻው ማስፈታት ድርብ የእጅ ዋጋ ነው። አላይመንት ግዴታ ነው፣ ግን አዲሱ ሞላ ሁለት ሳምንት ያህል ከሠራና ከተቀመጠ በኋላ ይሠራ። እስከዚያ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እያየ ሊበላ ስለሚችል ረጅም መንገድ አትውጡ።

አንድ ርካሽ መሣሪያም አለኝ፦ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርባት የፕላስቲክ ማሰሪያ። ጠበቅ አድርጋችሁ የሾኩ ዘንግ ላይ እሰሯት፣ ከሾኩ አፍ ጋር አስጠግታችሁ ጀምሩ። ሳምንት የተለመደ መንገዳችሁን ከነቤተሰባችሁ ንዱ። ማሰሪያዋ ስቶፐሯ ጋ ተጣብቃ ካገኛችኋት ሞላው ለእናንተ መንገድ አጭር ነው።