አረጋውያን በእጃቸው የሚያሹት መክሰስ፦ ጭኮ

በአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ለምትሠሩም ሆነ ወላጆቻችሁን በቤት ለምትጦሩ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ ለማሳለፍ ጭኮ ማዘጋጀት እጅግ የሚመች ተግባር ነው። በሶው ቀድሞ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ስለሆነ አረጋውያኑ እሳትም ሆነ ቢላዋ መንካት አያስፈልጋቸውም፤ ሠራተኛው ንጥር ቅቤውን አቅልጦ ለብ ሲል ያቀርባል፣ እነርሱም እጃቸውን ታጥበው በሶውን በሰፊ ሳህን ላይ ከቅቤውና ከጥቂት ጨው ጋር እስኪያያዝ ድረስ ያሹታል፣ ከዚያም በትንንሹ ያድቦለቡሉታል። በጾም ወቅት ቅቤው በዘይት ይተካል።

እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ማንጠፍ ይጠቅማል። የመርሳት ችግር ላለባቸው ደግሞ ሥራውን በአንድ ጊዜ ከመዘርዘር ይልቅ አንዱን እርምጃ በእጅ አሳይቶ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል። ልኩን እኛ ባንወስን መልካም ነው፤ «እማማ፣ ቅቤው በቃው ወይስ ይጨመር?» ብሎ መጠየቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያካበቱትን ሙያ ያወጣዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጨዋታ ይከፍታል። (ክርክርም ሊነሣ ይችላል፤ አታቋርጡት።)

ጥንቃቄ የሚያሻው በመብላቱ ላይ ነው። ደረቅ በሶ ሊያንቅ ስለሚችል ጭኮው በደንብ የራሰ ይሁን፣ ቁራሹም ይነስ፣ የሚጠጣ ነገርም አጠገባቸው ይቀመጥ። ለመዋጥ የሚቸገሩ ሰዎች ግን በማሸቱ ይሳተፉና የሚበሉት ነርሷ የፈቀደችላቸውን ለስላሳ ምግብ ይሁን። የደም ግፊት ላለባቸው የሚዘጋጀው ያለ ጨው ለብቻው ይታሽ።