እንግዳ ሆነሽ አትሂጂ፦ በስፖርት ሙያ ያለን የጅማ ሴቶች ሥልጠናና ትውውቅ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በቅርቡ እዚሁ ጅማ፣ ለሴት የስፖርት ባለሙያዎች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ፣ ከአጋሮ የመጣች ወጣት መምህርት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ማይኩ ለትውውቅ እየዞረ ሲቀርበን የእስክሪብቶዋን ክዳን እየከፈተች ትዘጋለች። ተራዋ ሲደርስ ብድግ ብላ ስሟን ተናገረችና «ከአጋሮ ነው የመጣሁት፣ የስፖርት መምህርት ነኝ» ብላ ቁጭ። አለቀ።

በሻይ ሰዓት ስንጫወት ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከትምህርት ሰዓት ውጪ 32 ሴት ልጆችን መረብ ኳስ ታሠለጥናለች። ኳሷ አንድ ናት። መረቡን ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትራ፣ ክሩን ገምዳ፣ ራሷ ነው የሠራችው። ፎቶውን ስልኳ ላይ አሳየችኝ፤ ቋጠሮዎቹ የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው ያስታውቃል። የስፖርት ቁሳቁስ ድጋፍ ጥያቄዎችን ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ያን ጠዋት ከፊታችን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ስለ መረቡ አንዲት ቃል አልሰማም።

እኔም ዓመታትን ያጠፋሁት እንደ እሷ ነው። ወደነዚህ መድረኮች የምንሄደው እንግዳ ሆነን ነው። እንግዳ የቀረበለትን ይቀበላል፣ ያጨበጭባል፣ አመስግኖ ይወጣል። ባለጉዳይ ግን የመጣችበትን ሳትጨርስ ከደጅ አትመለስም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ከእንግድነታችን የሚመነጩ ናቸው።

ራስን በማዕረግ ብቻ ማስተዋወቅ

«የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ»፣ «ከወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነኝ» የሚል መግቢያ የሚሰማሽን ሰው ምንም አያስይዘውም። አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ ያለች ሌላም ሞልታለች። የሚያዘው ሥራሽ ነው፤ ከነቁጥሩ። የአጋሮዋ ልጅ «32 ሴት ልጆች አሉኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንሠራለን፣ ያለን አንድ ኳስና በእጄ የሠራሁት መረብ ነው፤ የዞኑ ውድድር ላይ ላሰልፋቸው እፈልጋለሁ» ብትል ኖሮ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም ነበር።

ቤት ሆነሽ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምን እየሠራሽ ነው፣ ምን ጎደለሽ፣ ከዚህ መድረክ ማንን ወይም ምንን ትፈልጊያለሽ። ከዚያ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው። ልጆቻችንን ያለ ማሟሟቂያ ሜዳ አናስገባም፤ ራሳችንን ግን ያለ ልምምድ ማይክ ፊት እናቆማለን። ስለ ራስ መናገር ጉራ ይመስለናል፤ ያደግነውም «ዝም ያለች ጨዋ ናት» እየተባልን ነው። ነገር ግን የምትናገሪው ስለ ራስሽ አይደለም። ስለ 32 ልጆች ነው።

የተሳትፎ ወረቀትን ከፈቃድ እኩል ማየት

ይህ ሰፋ አድርጌ ልናገረው የምፈልገው ነው፤ ብዙ እህቶቼ ዕድሜያቸውን ሲጨርሱበት አይቻለሁና። የፕላስቲክ ፎልደር ውስጥ ዐሥራ አምስት ምስክር ወረቀት ያላት ሴት አውቃለሁ። «ተሳትፋለች» ይላል አንዱ፣ «ተሳትፋለች» ይላል ሌላው። ክለብ ለማሠልጠን ስታመለክት የተጠየቀችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ላይሰንስ፣ ማለትም የአሠልጣኝነት ፈቃድ።

በእግር ኳስ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የአሠልጣኝነት ደረጃዎች ከዲ ይነሱና ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያሉ እስከ ፕሮ ይወጣሉ። አንዱን ሳትረግጪ ወደ ቀጣዩ መዝለል የለም። የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዚህ መሰላል ላይ አንድ እርከን አያወጣሽም። ስለዚህ ጥሪ ሲደርስሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አበሉ ስንት ነው?» ሳይሆን «ሲያልቅ የምይዘው ወረቀት የት ያስገባኛል?» ነው። አበሉን አላቃለልኩም፤ ለትራንስፖርትና ልጅ ለሚይዝልሽ ሰው የሚከፈል ገንዘብ ነው። ግን አበል ብለሽ ሦስት ቀን ስታጠፊ የላይሰንስ ምዝገባው ቀን ካለፈብሽ ከስረሻል።

ፈቃድ የማይሰጥበት ዐውደ ጥናት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሚቀጥለው የላይሰንስ ሥልጠና መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚመዘግብ፣ ምን እንደሚጠየቅ የሚያውቁት ሰዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ለእሱ ሂጂ፤ ጠይቀሽ፣ ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ ተመለሺ።

ስፖርት ማለት ሜዳ ላይ ያለው ብቻ መምሰሉ

በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ሁሉ የተጫዋቾቹን ስም በቃሉ ያውቅ ነበር። አንድ ክለብ ግን ሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ዘጋቢ፣ ውድድር አስተባባሪ፣ ጨዋታውን በቪዲዮ የሚተነትን ሰው ይፈልጋል። ጅማ ደግሞ በጤና ትምህርት ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። የጤና ተማሪዎቻችን ስንቶቹ የስፖርት መድረክ ላይ ይታያሉ?

የራሳችንን ልጅ እንመልከት። ሊዲያ ታፈሰ የጅማ ልጅ ናት፤ በትምህርቷ ፋርማሲስት፣ በልጅነት ስፖርቷ ደግሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። ዓለም ያወቃት ግን በፉጨት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ ላይ በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች በዋና ዳኝነት ተመድባለች። መሠረት ማኔ የድሬዳዋን የወንዶች ቡድን በፕሪሚየር ሊግ በዋና አሠልጣኝነት መርታለች። ደራርቱ ቱሉ ከባርሴሎና ወርቅ በኋላ በጊዜ ሂደት የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን በፕሬዝዳንትነት መርታለች።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የተወዳዳሪነት ኮታው ለሴትና ለወንድ እኩል ተከፈለ። ከዚያ በፊት በቶኪዮ ከነበሩት አሠልጣኞች መካከል ግን ሴቶቹ 13 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሜዳው ላይ ደርሰናል፤ ከሜዳው ጠርዝ፣ ከቢሮውና ከሕክምና ክፍሉ ገና ነን። «እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብለሽ ግብዣውን ለሌላ አሳልፈሽ ከሰጠሽ፣ በጣም የምትፈለጊበትን ቦታ ነው የለቀቅሽው።

አብረሽ ከመጣሻት ጋር መዋል

ከአንድ ቢሮ የመጡ አራት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ አብረው በልተው፣ አብረው ይመለሳሉ። እነሱን ሰኞ ታገኚያቸዋለሽ። ምሳ ላይ ቢያንስ አንድ የማታውቂያት ሰው አጠገብ ተቀመጪ። ሌላ የምለው የለኝም።

ከመድረኩ ውጪ ያለ ቀጠሮ

ሁላችንም የምናውቀው፣ ጮክ ብለን የማንናገረው ነገር አለ። «ስለ ሥራው ማታ ሆቴል መጥተሽ እንነጋገር» የሚል ሰው ያጋጥማል። የሥራ ጉዳይ በቀን፣ ቢሮ ወይም ሰው ባለበት ቦታ ይነገራል። መልሱም አጭር ነው፦ «ነገ ጠዋት ቢሮ ከባልደረባዬ ጋር እመጣለሁ።» የእውነት ሥራ ያለው ሰው ይቀበለዋል። ካልተቀበለው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባልሽውን ቃል ጻፊ፤ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፤ የላከልሽን መልእክት አታጥፊ። ጥፋቱ የአንቺ እንዳልሆነ ማንም እንዲያስረሳሽ አትፍቀጂ። አዘጋጆችም በመጀመሪያው ቀን ጠዋት «እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ የምትነግሩት ለእከሊት ነው፣ ስልኳም ይኸው» ማለት አለባቸው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

የአዘጋጆች ስህተት

ለእናንተ ለአዘጋጆች ብዙ አለኝ፤ እኔም አዘጋጅቼ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከሰቃ፣ ከማና ወይም ከቀርሳ የመጣች ሴት መኪና ሳያልቅባት መመለስ አለባት። የጅማ ዝናብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሲይዝ አይለቅም። የእርስ በርስ ትውውቁን ለእራት ግብዣ ካቆያችሁት፣ በጣም የሚያስፈልጋት ሴት ቀድማ ሄዳለች። ትውውቁ ጠዋት፣ ጉልበት ሳለ ይሁን፤ ዝግጅቱም ከሰዓት 9 ተኩል ላይ ይብቃ። ልጅ የምታጠባ ሴት የምትቀመጥበት አንድ ክፍል አመቻቹ። የጁምዓን ሰዓት፣ ረመዳንን፣ የረቡዕና የዓርብን ጾም ከመርሐ ግብሩ በፊት ተመልከቱ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከወረዳ የሚመጡት አብዛኞቹ ሐሳባቸውን እንደልብ የሚገልጹት በአፋን ኦሮሞ ነው። ሥልጠናው በአማርኛ፣ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ዝም ይላሉ፤ እኛም «ተሳትፏቸው ደካማ ነው» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ዝም ያሰኘናቸው እኛ ነን።

ሒጃብም አለ። በዚህ ከተማ «በሒጃብ አይቻልም» ተብላ ኳስ የተወች ልጅ ስንት እንደሆነች የሚያውቁት አሠልጣኞቿ ናቸው። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2017 ራስ ተሸፍኖ መጫወትን ፈቅደዋል። ሥልጠና ላይ ይህን ለአሠልጣኞችና ለወላጆች በግልጽ መንገር ለአንዲት ልጅ ወደ ሜዳ መመለሻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፣ በጀት ላይ የሚፈርሙት ወንዶች ናቸው፤ መጥተው የመክፈቻ ንግግር አድርገው ይወጣሉ። ንግግሩን ቀንሱላቸው፤ በምትኩ ሴቶቹ ሲናገሩ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

«እንደዋወላለን» ብሎ መለያየት

ይሄኛው እኔን አስከፍሎኛል። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ በነበረ ሥልጠና ላይ አንዲት አንጋፋ አሠልጣኝ ልምምድ ሳሠራ አይታኝ «ሲቪሽን ላኪልኝ፣ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ» አለችኝ። 350 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣ በደስታ ነው የተመለስኩት። ከዚያ «ትንሽ ላሳምረው» ብዬ ሁለት ወር አቆየሁት። በመጨረሻ ስደውል «የኔ እህት፣ ቦታው እኮ ተያዘ፤ ስጠብቅሽ ነበር» አለችኝ። ዛሬም ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስልክ ስትቀበዪ ስሙን ብቻ አትመዝግቢ፤ የት እንደተገናኛችሁና ምን እንዳላችሁ ጨምሪበት። መልእክቱ ቢዘገይ በማግሥቱ ይሂድ። አጭር ይሁን። የምትጠይቂው ነገር ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ሊመልሰው የሚችል ትንሽ ነገር ይሁን። «ኳስ ይስጡን» ቢባል ዝም ለማለት ይቀለዋል፤ «ማመልከቻውን ለማን ላስገባ?» ሲባል ግን መልስ አለው።

የአጋሮዋን ልጅ በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት እጇን ይዤ ወደዚያ ሰው ወሰድኳት። ፎቶውን አሳየችው። ስልኩን ሰጣት። ማታ መናኸሪያ መኪና ስንጠብቅ እንዲህ ብላ ቴሌግራም ላይ ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከምሳ በፊት የመረቡን ፎቶ ያሳየሁዎት የአጋሮዋ መምህርት ነኝ። 32 ሴት ልጆች በአንድ ኳስ አሠለጥናለሁ። የድጋፍ ማመልከቻ ለየትኛው ክፍል እንደማስገባ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።»

«ነገ ልላከው?» አለችኝ።

«አሁን ላኪው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣላት፦ የክፍሉ ስም፣ የሚያስፈልገው ደብዳቤ፣ ከሥሩም «የመረቡን ፎቶ ከማመልከቻው ጋር አያይዢው» የሚል።