በብርሃን የሚሠራ የጊታር ኮምፕሬሰር እንዴት ይሠራል?

ኮምፕሬሰር የጊታር ፔዳል ነው፤ ክሩ በኃይል ሲመታ የሚፈነዳውን ድምፅ ይጫነዋል፤ እየደከመ የሚሄደውን ደግሞ አይነካውም። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ከፍ ሲል ደካማውና ብርቱው ይቀራረባሉ። ትዝታን በቀስታ ለሚጫወት ሰው ኖታው ሳይሞት እንዲቆይ ያግዛል፤ ፈጣን ሪትም ለሚመታም ምቱ አንድ ወጥ ይሆንለታል።

ለመግዛት ካሰቡ የቁልፉን ብዛት ሳይሆን የውስጡን አሠራር ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንደወጣው ኤምኤክስአር ዳይና ኮምፕ ያሉት ኦቲኤ በሚባል (ማጉላቱ በኤሌክትሪክ ጅረት የሚስተካከል) ቺፕ ይሠራሉ። ጨመቃቸው በግልጽ ይሰማል፣ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያደበዝዛሉ፣ ሲጠነክሩም ሹክሹክታ ያበዛሉ። በቪሲኤ (በቮልት በሚታዘዝ ማጉያ) የሚሠሩት ፈጣንና ንጹሕ ናቸው። በብርሃን በሚሠሩት ውስጥ ድምፁ ሲበረታ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ይበራል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኦሙ የሚቀንሰው ኤልዲአር የተባለ ሬዚስተርም ድምፁን ይጫነዋል። እነዚህ ለስለስ ብለው ይይዛሉ፣ ቀስ ብለውም ይለቃሉ። የትኛውንም ቢመርጡ ያልተጨመቀውን ድምፅ የሚቀላቅል ቁልፍ ካለው ይመረጣል፤ የጣት ምቱን ሕይወት ያተርፋል።

ለመሥራት ግን የብርሃኑን ዓይነት እንመክራለን። የዳይና ኮምፑ ሲኤ3080 ቺፕ መመረቱ ከቆመ ቆይቷል፤ አሁን በገበያ ከሚሸጠው ውስጥ አስመስሎ የተሠራ አይጠፋም። የብርሃኑ ዕቃ ግን ተራ ነው፦ አንድ ቲኤል072 ኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ)፣ አንድ 2ኤን3904 ትራንዚስተር፣ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮድ፣ አንድ 1ኤን5817 ዳዮድ፣ ጂኤል5528 ኤልዲአር፣ ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ፣ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም ፖት ማለትም የሚዞር ሬዚስተር (የጨመቃው ሊኒየር፣ የድምፁ ሎጋሪትሚክ)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር። ኤልኢዲው አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል፤ ይህ ኤልዲአር ይበልጥ የሚያየው 540 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው።

ከሁሉ በፊት ኤልኢዲውንና ኤልዲአሩን ፊት ለፊት አግጥመው ጥቁር የሙቀት ቱቦ ውስጥ ያስገቡ፣ በሙቀት ያጥብቁት፣ ሁለቱንም ጫፍ በጥቁር ቴፕ ይዝጉ። ከዚያ በመልቲሜትር ይለኩ። ኤልኢዲው ጠፍቶ ከብዙ መቶ ኪሎ ኦም በላይ ማሳየት አለበት፤ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል 9 ቮልት ሲሰጡት ደግሞ ወደ ጥቂት መቶ ኦም ወይም ወደ 1 ኪሎ አካባቢ መውረድ አለበት። ጠፍቶ እያለ ቱቦውን በእጅ ሲሸፍኑት ንባቡ ከተለወጠ ብርሃን እየገባ ነውና እንደገና ይዝጉት። የሥራው ግማሽ እዚህ ነው።

የ9 ቮልቱ ኃይል በ1ኤን5817 አልፎ ይግባ፤ ከኋላው 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ (ወደ ጋራው ማይነስ)። ሁለት ባለ 10 ኪሎ ሬዚስተሮች ቮልቱን ለሁለት ይክፈሉትና መሐል ነጥቡን በሌላ 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ ያረጋጉት። የቺፑ እግር 8 ወደ ኃይሉ፣ እግር 4 ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ጊታሩ በ100 ናኖፋራድ በኩል ወደ እግር 3 ይገባል፤ ከእግር 3 ወደ መሐል ነጥብ 1 ሜጋ ኦም። እግር 1 እና 2 ይገናኙ። ከእግር 1 ተነስቶ 10 ኪሎ ወደ እግር 5፤ ኤልዲአሩ ከእግር 5 ወደ መሐል ነጥብ ይሄዳል። ኤልዲአሩን ወደ ግራውንድ ማሰር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው፦ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር የእግሩ ቮልት አብሮ ይዘላል፣ አምፕሊፋየሩም በእያንዳንዱ ምት ከባድ "ዱብ" ያሰማል።

በእግር 7 እና 6 መካከል 220 ኪሎ ኦምና 47 ፒኮፋራድ ጎን ለጎን ይሰሩ፤ ከእግር 6 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ከ1 ማይክሮፋራድ ጋር በተከታታይ። ይህ ድምፁን 23 እጥፍ ያሳድጋል። ሃምበከር (ብርቱ ድምፅ የሚሰጥ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ላለው ጊታር ይበዛል፤ 220ውን በ100 ኪሎ ይተኩ፣ አለዚያ በመጀመሪያው ምት ድምፁ ይሰነጠቃል። ውጤቱ ከእግር 7 በ10 ማይክሮፋራድ (ፕላሱ ወደ ቺፑ) ወደ ድምፅ ፖቱ ይሄዳል።

ብርሃኑን የሚያዘው ክፍል ከዚያው ከእግር 7 ይነሳል፦ 10 ማይክሮፋራድ (ፕላሱ ወደ ቺፑ)፣ 1 ኪሎ፣ ከዚያ ሊኒየሩ ፖት በተከታታይ። ከፖቱ በኋላ አንዱ 1ኤን4148 አኖዱ ግራውንድ፣ ካቶዱ እዚህ ነጥብ ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ከዚህ ነጥብ ተነስቶ ካቶዱ ወደ 4.7 ማይክሮፋራድ ፕላስ። የካፓሲተሩ ማይነስ ግራውንድ ነው። ከፕላሱ በ22 ኪሎ ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ። ኤሚተሩ ግራውንድ፤ ኮሌክተሩ ወደ ኤልኢዲው ካቶድ፤ አኖዱ በ1 ኪሎ ወደ ኃይሉ። የ2ኤን3904 ጠፍጣፋ ፊት ወደ እርስዎ ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ፖቱ ሲዞር ጨመቃውና የሚይዝበት ፍጥነት አብረው ይለወጣሉ፤ ለጊታር ይህ በቂ ነው።

ጊታር ሳይሰኩ ቮልቱን ይፈትሹ። እግር 8 ወደ 8.7፣ እግር 1፣ 5 እና 7 ወደ 4.3 ቮልት ያሳያሉ። እግር 3 ወደ 4 ቢወርድ አይደንግጡ፤ መልቲሜትሩ ራሱ በ1 ሜጋ ኦሙ በኩል ጥቂት ስለሚስብ ነው። እግር 7 ወደ 0 ወይም ወደ ኃይሉ ከተጠጋ የ220 ኪሎውን ብየዳ ይመልከቱ።

አስማሚው (አዳፕተሩ) መሐሉ ማይነስ የሆነ የፔዳል አስማሚ ይሁን። የዋይፋይ ራውተር አስማሚ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ፕላስ ነው፤ 1ኤን5817 ካለ ፔዳሉ ዝም ይላል እንጂ አይቃጠልም። ፔዳሉ የሚያፏጭ ከሆነ የመግቢያና የመውጫ ሽቦዎቹን ያራርቁ፤ ድምፁ በሁለቱም ደረጃ ሳይገለበጥ ስለሚያልፍ ከመውጫው ወደ መግቢያው ትንሽ ቢፈስ ተመልሶ ራሱን ያሳድጋል። ወፍራሙ ክር ላይ ድምፁ ከሻከረ 4.7ቱን ወደ 10 ማይክሮፋራድ ያሳድጉት፤ ዋጋው ቀስ ብሎ መልቀቁ ነው፣ ከኃይለኛ ምት በኋላ የሚመጣው ኖታ ለአፍታ ተውጦ ይቆያል።

ከጊታሩ ቀጥሎ፣ ከኦቨርድራይቭ (ድምፁን ከሚያሻክረው ፔዳል) በፊት ያድርጉት፤ ከኦቨርድራይቭ በኋላ ከሆነ የዲስቶርሽኑን ሹክሹክታ ሁሉ ወደ ላይ ያነሳዋል። ፈዝ (ድምፁን ይበልጥ የሚያሻክር ፔዳል) ካለዎት ግን ፈዙ ይቅደም፤ ብዙዎቹ ፈዞች ጊታሩን በቀጥታ ማግኘት ይፈልጋሉ። ሲያስተካክሉ ጨመቃውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፣ አንድ ኮርድ ጠንከር አድርገው ይምቱና ምቱ ሲጫን እስኪሰማ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ቀጥሎ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እስኪሆን የድምፅ ፖቱን ያስተካክሉ። ድምፁ ሳይመሳሰል የተደረገ ንጽጽር ሁልጊዜ ከፍ ላለው ያደላል።